ሺህ ሰው ባንድ ጊዜ በር ሲያንኳኳ

በሐዋሳ ከተማ ማለዳ ተነሥቶ ወደ አሞራ ገደል የወረደ ሰው በቶሎ የማይረሳ ትዕይንት ያያል። ጀልባዎቹ ከሐይቁ ያወጡትን ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ወደ ዳር ይጠጋሉ፤ ወጣቶች ቢላዋቸውን አንሥተው አሣውን እየገፈፉ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ፤ አባ ኮዳዎቹም እንደ ሽማግሌ ዳኛ ቆመው ትርፍራፊውን ይጠብቃሉ። ገበያተኛው ጥቂት ሲሆን ሥራው ጸጥ ያለ ነው፤ አንዱ ይመጣል፣ አሣው ይሰናዳለታል፣ ከፍሎ ይሄዳል። ጥቂት ቆይቶ ግን ሰው ይበረክታል። ቢላዋው ያው ቢላዋ ነው፤ እጁም ያው እጅ ነው፤ ይሁን እንጂ ቀድሞ በጥቂት ደቂቃ ይሰናበት የነበረው ገበያተኛ ረጅም ጊዜ መቆም ግድ ይሆንበታል።

ይህን ቆመን ስንመለከት ሌላ ወረፋ ታወሰን። ያኛው ወረፋ ግን በዓይን አይታይም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በሚገለጽበት ምሽት፣ በሐዋሳም ሆነ በሌላው ከተማ ያለ ተማሪ ስልኩን ይዞ ይቀመጣል፤ እናትና አባቱ፣ ታላላቆቹና ታናናሾቹ ከብበውት ይጠባበቃሉ። የመለያ ቁጥሩን ያስገባል፤ ትንሿ የክብ ምልክት በነጩ ገጽ ላይ ትሽከረከራለች፤ ውጤቱ ግን አይመጣም። ደግሞ ይነካል፤ አሁንም ደግሞ ይነካል። የዐሥራ ሁለት ዓመት ድካም ከአንዲት የማትከፈት ገጽ በስተጀርባ ቆሞ ይቀራል። በጎረቤቱም ቤት እንዲሁ ነው። ልጁ ያልተገነዘበው ነገር ቢኖር ገጹን ደጋግሞ በነካ ቁጥር እንደ አዲስ ገበያተኛ ሆኖ ከወረፋው ጫፍ መቆሙን፣ ወረፋውንም በገዛ እጁ ማስረዘሙን ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን የምንነጋገረው ስለዚሁ የማይታይ ወረፋ ነው። ሕዝብ የሚገለገልበት ኮምፒዩተር ስንት ሰው ሊያስተናግድ እንደሚችል የሚታወቀው በምን መንገድ ነው? የሚለካውስ መቼ ነው? አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። የሰርቨርም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ አቅሙን በግርግሩ ቀን ለማወቅ የተነሣ መሥሪያ ቤት እየሮጠ የሚታጠቅ ሰው ነው።

የበሮቹ ስፋት

ሰርቨር ማለት ከብዙ ሰዎች በኔትወርክ የሚመጣለትን ጥያቄ እየተቀበለ መልስ የሚሰጥ ኮምፒዩተር ነው። ከአንድ ገጽ በስተጀርባ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሠራተኞች አሉ፤ አንደኛው ጥያቄውን በበር ላይ የሚቀበለው የድር ሰርቨር ነው፤ ሁለተኛው ጥያቄውን መርምሮ መልሱን የሚያሰናዳው ፕሮግራም ነው፤ ሦስተኛው መዝገቡ ሁሉ የተቀመጠበት ዳታቤዝ ነው። እንግዲህ አንድ ጥያቄ ሦስት በር ያልፋል ማለት ነው።

አሁን በቁጥር እንነጋገር። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና የወሰዱት ተማሪዎች ከ840 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ከእነርሱም ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ። ከጠቅላላው 840 ሺህ ተማሪ እኩሌታው ውጤቱ በተገለጸ በመጀመሪያው ሰዓት ሊያይ መጣ እንበል። 420 ሺህ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ማለት በ3,600 ሴኮንድ ሲካፈል በየሴኮንዱ 117 ሰው ገደማ ይሆናል። እያንዳንዱ አምስት አምስት ጊዜ ደጋግሞ ቢነካ ቁጥሩ ወደ 580 ይወጣል። ይህም ሁሉም በሰዓቱ ውስጥ ተከፋፍለው ቢመጡ ነው። ነገር ግን ውጤት የሚጠብቅ ሰው ተከፋፍሎ አይመጣም፤ ዜናው እንደ ተሰማ በመጀመሪያው ደቂቃ ይጎርፋል።

እዚህ ላይ ለማንኛውም ወረፋ የሚያገለግል አንድ ሕግ አለ። ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 ማረጋገጫውን ያሳተመው ይህ ሕግ እንዲህ ይላል፤ በአንድ ቤት ውስጥ ባንድ ጊዜ የሚገኙ ሰዎች ቁጥር በየሴኮንዱ የሚገቡት ሰዎች ቁጥር እያንዳንዱ ውስጥ በሚቆይበት ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው። በሴኮንድ 117 ሰው ቢገባና እያንዳንዱ ሁለት ሴኮንድ ቢቆይ በቤቱ ውስጥ 234 ሰው አለ። ቆይታው ሦስት ሴኮንድ ሲሆን 351 ሰው ይሆናል።

አፓቼ የተባለው ስመ ጥር የድር ሰርቨር በነባሩ አሠራሩ፣ የሚያስተዳድረው ሰው ካልለወጠው በቀር፣ ባንድ ጊዜ የሚያስተናግደው 256 ጥያቄ ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ሲተከል የሚፈቅደው 151 ግንኙነት፣ ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ደግሞ 100 ነው። እንግዲህ አንባቢያችን ያስተውል፤ በሁለት ሴኮንድ ቆይታ የመጀመሪያው በር ገና አልሞላም፤ ነገር ግን ገብቶ ያለው ሁሉ አንድ አንድ የዳታቤዝ ግንኙነት ቢይዝ የውስጠኛው በር ከሞላ ቆይቷል። ቆይታው በአንድ ሴኮንድ ሲጨምር የውጭውም በር ይሞላል። ማንም ጥፋት ሳይሠራ፣ ምንም ሳይሰበር፣ ቤቱ ይዘጋል።

ወረፋ በድንገት የሚረዝምበት ምክንያት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። ኮምፒዩተሩ ከኃይሉ ሰማንያ በመቶ እየሠራ ነው ሲባል ገና ሃያ በመቶ ቀርቶናል ብሎ ይጽናናል። ወረፋን በሒሳብ ያጠኑ ሊቃውንት ግን ሌላ ነገር ይነግሩናል። የዚህ ጥናት ፈር ቀዳጅ በኮፐንሐገን ስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመው ጽሑፍ የስልክ ጥሪ በዘፈቀደ ሲመጣ ምን እንደሚሆን በሒሳብ መረመረ። የዚያን ጊዜው ጥያቄ ለአንድ ከተማ ስንት የስልክ መስመር ይበቃል የሚል ነበር። የዛሬው የሰርቨር ጥያቄም በመሠረቱ ያው ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻውን ሲመጣ በሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ ይፈጸማል እንበል። ጥያቄዎቹ በዘፈቀደ የሚመጡና ሥራቸውም አንዱ አጭር አንዱ ረጅም ከሆነ፣ በተለመደው የአንድ አገልጋይ ሒሳብ መሠረት ነገሩ እንዲህ ይሄዳል። አገልጋዩ በግማሽ ኃይሉ ሲሠራ አንድ ጥያቄ በአማካይ በ0.2 ሴኮንድ ይመለሳል። በ80 በመቶ ሲሠራ 0.5 ሴኮንድ ይፈጃል። በ90 በመቶ አንድ ሙሉ ሴኮንድ፣ በ95 በመቶ ሁለት ሴኮንድ፣ በ99 በመቶ ደግሞ ዐሥር ሴኮንድ ይሆናል። ከ90 ወደ 99 ሲወጣ የተጨመረው ሥራ ከዐሥር አንድ እጅ ብቻ ነው፤ መጠበቂያው ጊዜ ግን ዐሥር እጥፍ ሆነ። ማታ ሲሞከር ደኅና የነበረው ገጽ ጧት ጥቂት ሰው ሲጨመርበት የሚወድቀው ስለዚህ ነው። በአሞራ ገደልም ቢላዋ የያዘው ወጣት ለአፍታ እንኳ የማያርፍበት ሰዓት ሲደርስ ወረፋው ከዓይናችን ፊት እንደ ጎርፍ ያደገው በዚሁ ምክንያት ነው።

አለካኩ

መለካት ማለት እንግዲህ ይህ የመታጠፊያ ነጥብ የት እንዳለ አስቀድሞ መፈለግ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ያለ ዋጋ የሚገኙ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። ከእነርሱ አንዱ ስቴፋኖ ማዞኪ የጀመረውና እ.ኤ.አ. በ1998 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ጄሜተር ነው። ሌላው ሎከስት ይባላል፤ ትርጉሙም አንበጣ ነው፤ ተጠቃሚዎችን እንደ መንጋ አድርጎ በሰርቨሩ ላይ ስለሚለቅ ስሙ ተስማምቶታል። እነዚህ ፕሮግራሞች አንድ ኮምፒዩተር የብዙ መቶ ሰዎችን ያህል ጥያቄ እንዲልክ ያደርጋሉ፤ ለእያንዳንዱም ጥያቄ መልሱ የመጣበትን ጊዜና የቀረውን ጥያቄ ይመዘግባሉ።

አሠራሩ በደረጃ መሆን አለበት። በመጀመሪያ አንድ ተጠቃሚ ብቻ ይላካል፤ ይህ ሰርቨሩ ያለ ወረፋ ምን ያህል ፈጣን እንደ ሆነ ያሳያል። ቀጥሎ 10፣ ከዚያ 50፣ ከዚያ 100፣ 200፣ 400 እየተባለ ይወጣል፤ በየደረጃውም ነገሩ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። በየደረጃው ሦስት ነገር ይጻፋል፤ በሴኮንድ የተመለሰው ጥያቄ ስንት ነው? መልሱ በስንት ጊዜ መጣ? ሳይመለስ የቀረውስ ስንት ነው? በመጀመሪያ የሚመለሰው ጥያቄ ከሚላከው ጋር እኩል ያድጋል። አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ማደጉን ያቆማል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያድገው የመጠበቂያው ጊዜ ብቻ ነው። ያ ነጥብ የሰርቨሩ እውነተኛ አቅም ነው።

ከዚህም ሌላ ሁለት ሙከራ ያስፈልጋል። አንደኛው ከ10 ተጠቃሚ ወደ 400 በአንድ ጊዜ መዝለል ነው፤ የውጤት ምሽት የሚመስለው ይህ ነውና። ግርግሩ ካለፈ በኋላም ሰርቨሩ ያለ ሰው እርዳታ ወደ ጤናው ይመለስ እንደ ሆነ ይታያል። ሁለተኛው መጠነኛ ጭነት ለብዙ ሰዓት ማቆየት ነው፤ አንዳንድ ፕሮግራም የወሰደውን ሚሞሪ ስለማይመልስ ጧት ጤነኛ ሆኖ ማታ ይወድቃል።

ለካሁ ብሎ ራሱን የሚያታልልም አለ። የሙከራው መዝገብ መቶ ስም ብቻ ይዞ እውነተኛው መዝገብ 840 ሺህ ስም የሚይዝ ከሆነ የተለካው ሌላ ነገር ነው፤ ማውጫ የሌለው መጽሐፍ መቶ ገጽ ሲሆን አያስቸግርም፣ መቶ ሺህ ገጽ ሲሆን ግን ያስለቅሳል። ጥያቄ ላኪው ፕሮግራም በዚያው በሚለካው ሰርቨር ላይ ቢጫን ፈታኝና ተፈታኝ ከአንድ ማዕድ ይበላሉ። በዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ውስጥ በኬብል የተሞከረ ገጽም ከቱላ ወይም ከሐይቅ ዳር በስልክ ለሚከፍተው ሰው ያው ፍጥነት አይኖረውም።

ከሁሉ የሚያታልለው ግን ይህ ነው። አንዳንድ የሙከራ አደራረግ አንዱ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ሌላውን አይልክም። ስለዚህ ሰርቨሩ ሲዘገይ ጥያቄ ላኪውም አብሮ ይዘገያል፤ ሰርቨሩ ሲደክም ያዝንለታል ማለት ነው። ሕዝብ ግን አያዝንም፤ ቢላዋ የያዘው ወጣት ቢደክመውም ገበያተኛው ከመምጣት አይቆጠብም። የውጤት ምሽትን ለመምሰል የሚፈልግ ሙከራ ሰርቨሩ ቢመልስም ባይመልስም በየሴኮንዱ የተወሰነውን ያህል ጥያቄ መላክ አለበት።

አማካይ የሚደብቀው

ሪፖርት ሲቀርብ አማካይ የመልስ ጊዜ ይህን ያህል ነው ተብሎ ይጻፋል። መቶ ጥያቄ መጥቶ 95ቱ በ0.2 ሴኮንድ፣ አምስቱ ግን በ20 ሴኮንድ ተመለሱ እንበል። አማካዩ 1.2 ሴኮንድ ያህል ይወጣል፤ አለቃው አንብቦ ደስ ይለዋል። ነገር ግን 1.2 ሴኮንድ የጠበቀ አንድም ሰው የለም! 95ቱ ከዚያ በጣም አጭር ጊዜ፣ አምስቱ ከዚያ በጣም ረጅም ጊዜ ጠበቁ። ከመቶ አምስት ማለት ከ840 ሺህ ውስጥ 42 ሺህ ወጣት ነው። ስለዚህ መልሶቹ ከአጭሩ እስከ ረጅሙ ተደርድረው ከመቶው 95ኛውና 99ኛው ስንት ሴኮንድ ፈጀ ተብሎ መጠየቅ አለበት። መንግሥት የሚያገለግለው አማካይ የተባለውን ሰው አይደለምና፤ በወረፋው ጫፍ የቆመውም ዜጋ ነው።

ሠራተኛው ብዙ፣ ሚዛኑ አንድ

ሰርቨሩ ደካማ ሆኖ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ሐሳብ ተጨማሪ እንግዛ የሚል ነው። መግዛት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ዳሩ ግን በአሣ ገበያው ዐሥር ባለ ቢላዋ ቢቀጠር፣ አሣው ሁሉ የሚመዘንበት ሚዛን ግን አንድ ብቻ ቢሆን፣ ወረፋው ከቢላዋው ተነሥቶ ወደ ሚዛኑ ከመዛወር በቀር ምን ለውጥ ይመጣል? ስለዚህ ሙከራው በሚካሄድበት ጊዜ የፕሮሰሰሩ፣ የሚሞሪው፣ የዲስኩ፣ የኔትወርኩና የዳታቤዙ ሁኔታ አብሮ ይመዘገባል፤ ከሁሉ በፊት የሚሞላው የትኛው እንደ ሆነ ሲታወቅ መድኃኒቱም ይታወቃል። የሚለወጠውም አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ከዚያም እንደገና ይለካ። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ረዳው አያውቅም።

መድኃኒቱ አንዳንድ ጊዜ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። የፈተና ውጤት ከተገለጸ በኋላ በየደቂቃው የሚለወጥ ነገር አይደለም፤ እንግዲያውስ ለእያንዳንዱ ጠያቂ ዳታቤዙን እንደገና መቀስቀስ ለምን ያስፈልጋል? መልሱን አስቀድሞ አዘጋጅቶ በሚሞሪ ማስቀመጥ፣ ገጹንም ከከባድ ሥዕልና ጌጥ ማራቆት ብዙ ሸክም ያቀልላል። በአገራችንም የ12ኛ ክፍል ውጤት በድረ ገጽ ብቻ ሳይሆን በአጭር የስልክ መልእክትና በቴሌግራም ጭምር እንዲታይ መደረጉ፣ ለአመቺነቱ ብቻ ሳይሆን ሰውን በሦስት በር ለማከፋፈሉም ጥበብ ያለበት ነው።

የሌላው አገር ትምህርት

ይህ ችግር የድሃ አገር ብቻ ነው የሚል ካለ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2013 በአሜሪካ የሆነውን ያስታውስ። በዚያ ቀን የአሜሪካ መንግሥት ዜጎች የጤና መድን የሚገዙበትን ሄልዝኬር ዶት ገቭ የተባለውን ድረ ገጽ ከፈተ። ባለሥልጣኖቹ ባንድ ጊዜ የጠበቁት ከ50 እስከ 60 ሺህ ሰው ነበር፤ የመጣው ግን እነርሱ ራሳቸው እንደ ተናገሩት 250 ሺህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ተመዝግበው ለመጨረስ የቻሉት ስድስት ሰዎች ብቻ እንደ ነበሩ ኋላ ለምክር ቤት ከቀረቡት ማስታወሻዎች ታወቀ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ጥቂት ቀናት አስቀድሞ በተደረገ ሙከራ፣ ጥቂት መቶ ሰዎች ባንድ ጊዜ እንደ ገቡ ተደርጎ ሲፈተን ሥርዓቱ ተሰናክሎ እንደ ነበር በጋዜጦች መገለጡ ነው። ልኩ ተለክቶ ነበር፤ ልኩን ሰምቶ ቀኑን የሚያራዝም ግን አልተገኘም። እንግዲህ መለካት ብቻውን አይበቃም፤ የተለካውን ለመቀበል ልብ ያስፈልጋል።

ለወጣቶቻችን

የኮምፒዩተር ትምህርት ለምታጠኑ ተማሪዎች አንድ ማስጠንቀቂያ እንስጥ። ይህን ሙከራ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ አድርጉ፤ በሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ግን ያለ ፈቃድ አታድርጉት። ያለ ፈቃድ የተላከ የጥያቄ መንጋ ከጥቃት አይለይም፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958ም የኮምፒዩተርን ሥርዓት ማወክን በወንጀል ይቀጣል። አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር፣ አንድ ጓደኛና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካላችሁ ግን ከላይ የተናገርነውን ሁሉ በገዛ ዓይናችሁ ለማየት ትችላላችሁ።

በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ ሥራ ለያዛችሁ ወጣቶች ደግሞ የምንለው ይህ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ አንድ ድርጅት የሠራውን ፕሮግራም እንድትረከቡ በፊርማችሁ ትጠየቃላችሁ። ገጹ ያማረ ይሆናል፤ አስረካቢውም በአንድ ኮምፒዩተር ከፍቶ ያሳያችኋል፤ እንደ መብረቅ ይፈጥናል። በዚያን ጊዜ እስክሪብቶውን ከማንሣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። አቅሙ በሴኮንድ ስንት ጥያቄ ነው? በዚያ ጭነት ከመቶው 99ኛው ሰው ስንት ሴኮንድ ይጠብቃል? ከአቅሙ በላይ ሲመጣበትስ ምን ይሆናል፤ ትሑት ሆኖ «ጥቂት ቆይተው ይመለሱ» ይላል ወይስ ጨርሶ ይወድቃል? መልሱ በተጻፈ የሙከራ ውጤት ካልቀረበ ርክክቡ ገና አልተፈጸመም።

ነገሩ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ያሳስባል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከፊሎቹ ፈተናውን ራሱን በኮምፒዩተር መውሰድ ጀምረዋል። ውጤት ለማየት የዘገየ ገጽ አንድ ምሽት ያስጨንቃል፤ በፈተና መካከል የቆመ ገጽ ግን የተማሪውን ሐሳብ ይበትናል፣ ጊዜውንም ይበላል። በተመደበው ደቂቃ ሁሉም ተፈታኞች «ጀምር» የሚለውን ባንድ ላይ ይጫናሉ፤ ቁጥራቸው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ሰዓቱም የታወቀ ነው። እንዲህ ያለውን ቀን ሳይለኩ መጠበቅ ምክንያት የማይገኝለት ስንፍና ነው።

ከአሞራ ገደል የተመለስነው ፀሐይ ከረር ሲል ነበር። ገበያው ቀዝቅዟል፤ ባለ ቢላዋው ወጣት ስለቱን እየሳለ ነበር። ሰው በሌለበት ሰዓት ለምን እንደሚስል ብንጠይቀው ነገ ጧት ሰው ሲበዛ የሚስልበት ጊዜ እንደማይኖረው ነገረን። እኛም ከዚህ የተሻለ ምክር አላገኘንም።